ኬሚካል የቆዳ አለርጂ ያስነሳ እንደሆነ በጊኒ ፒግ መፈተሽ፦ የማክሲማይዜሽን ፈተና ከዝግጅት እስከ ንባብ

በጊኒ ፒግ ላይ የሚደረገው የማክሲማይዜሽን ፈተና በወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ሦስት ጥንድ መርፌ፣ ከሳምንት በኋላ አንድ ፓች (ኬሚካል ነክሮ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ቁራጭ፤ ይህ ማነቃቂያው ነው)፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሌላ ፓች (መፈተኛው)፣ በመጨረሻ የቆዳ ንባብ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ግን ሥራውን ጨርሰው የሚያገኙት ሊተረጎም የማይችል ውጤት ነው። የማነጻጸሪያ እንስሳት ቆዳ ቀልቶ ይገኛል፤ ፋሻው ሌሊት ወልቆ ያድራል፤ ሁለት አንባቢዎች ለአንድ ቆዳ ሁለት ነጥብ ይሰጣሉ። እንዲህ ሲሆን እንስሳቱ የተቀበሉት ሕመም ሁሉ ከንቱ ይቀራል፣ ፈተናውም በአዲስ እንስሳት ይደገማል። ስለዚህ ከዚህ በታች ረዘም የተባለበት ቦታ ሁሉ ስህተት የሚበዛበት ቦታ ነው።

ይህ ጽሑፍ የኦኢሲዲን (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትን) የፈተና መመሪያ ቁጥር 406 ይከተላል። ፈተናው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ኬሚካሉ ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱን ያነቃቃል ወይ? ከተነቃቃ ቲ ሴሎች የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ኬሚካሉን ያስታውሱታል፤ በሚቀጥለው ንክኪ ከ1 እስከ 3 ቀን ዘግይቶ የሚመጣ አለርጂ ይነሳል። የመከላከል አቅምን የሚያዳክም ኬሚካል በዚህ ፈተና አይታወቅም።

ደረጃ 1። ያለ እንስሳ መሥራት ይቻል እንደሆነ አረጋግጡ

ይህን አትዝለሉት። ዛሬ ለአብዛኞቹ ኬሚካሎች የመጀመሪያው መንገድ ጊኒ ፒግ አይደለም።

1. ስለ ኬሚካሉ ያለውን መረጃ ሰብስቡ፦ መዋቅሩን፣ ተመሳሳይ ኬሚካሎች ያሳዩትን፣ በሰው ላይ የታወቀ አለርጂ ካለ እሱን።
2. ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 2 ወይም ከዚያ በታች፣ አለዚያም 11.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቆዳ እንደሚያቃጥል ቁጠሩት። እንስሳ ላይ አታድርጉት።
3. ከእንስሳ ውጪ ያሉትን ፈተናዎች ተመልከቱ። ቁጥር 442ሲ ከፕሮቲን ጋር መጣበቁን፣ 442ዲ የቆዳ ሴሎችን ምላሽ፣ 442ኢ የበሽታ መከላከያ ሴሎችን መነቃቃት ይለካሉ። የእነዚህን ውጤት አጣምሮ የሚፈርደው መመሪያ ቁጥር 497 በ2021 ጸድቋል።
4. እንስሳ ግድ ከሆነ በአይጥ የሚሠራውን የንፍፊት ፈተና፣ ቁጥር 429ን፣ አስቀድሙ። አጁቫንት፣ ማለትም የበሽታ መከላከያን ምላሽ የሚያጠናክር ተጨማሪ ንጥረ ነገር፣ አይጠቀምም፤ መልሱም በቁጥር የሚለካ ነው።
5. ጊኒ ፒግ የሚቀረው እነዚህ ለኬሚካሉ የማይሠሩ ሲሆን ወይም ውጤቱን የሚጠይቀው ተቆጣጣሪ አካል በግልጽ ሲፈልገው ነው። ምክንያቱን ጽፋችሁ ለእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቅርቡ፤ ፈቃድ ሳይገኝ እንስሳ አይታዘዝ።

ደረጃ 2። እንስሳቱን አዘጋጁ

ነጭ ጸጉርና ነጭ ቆዳ ያላቸው ወጣት ጤነኛ ጊኒ ፒጎች ያስፈልጋሉ፤ የተለመደው ዝርያ ደንኪን ሃርትሊ ነው። ጥቁር ወይም ቡናማ ቆዳ ላይ ቀላል መቅላት አይታይም። ወንድም ሴትም ይሆናል፤ ሴቶቹ ግን ያልወለዱና ያላረገዙ ይሁኑ።

- ብዛት፦ ቢያንስ 10 ለፈተና፣ 5 ለማነጻጸሪያ። ለቅድመ ሙከራው ከ2 እስከ 3 እንስሳት ጨምሩ፤ አጁቫንት የወሰዱ እንስሳትን ለብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ለእነሱም ቦታ ያዙ።
- ማላመጃ፦ ከመጡ በኋላ ቢያንስ 5 ቀን ሳይነኩ ይቆዩ። እኔ የምመክረው ሙሉ ሳምንት ነው። ሳይረጋጋ የተጀመረ እንስሳ አይበላም፤ የክብደቱ መዝገብም ከመጀመሪያው ይበላሻል።
- ክፍል፦ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 3 ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ችግር የለውም። እርጥበት ከ30 እስከ 70 በመቶ፤ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ።
- ወለል፦ ጠንካራ ወለል ላይ ለስላሳ ምንጣፍ አድርጉ። ሽቦ ወለል እግር ያቆስላል። ጊኒ ፒግ ለብቻው ሲሆን ይጨነቃልና በጋራ አኑሯቸው።

ቫይታሚን ሲ ላይ ቁም ነገር አለ። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ መሥራት አይችልም። እጥረት ያለበት እንስሳ የመርፌው ቁስል አይድንለትም፤ የቆዳ ምላሹም ይዳከማልና አለርጂ የሚያስነሳ ኬሚካል ንጹሕ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። የጥንቸል መኖ አይተካም። የጊኒ ፒግ መኖ ግዙ፤ ከረጢቱ ላይ ያለውን የምርት ቀን አንብቡ፤ ቫይታሚኑ እንዲቆይ ተደርጎ ያልተዘጋጀ መኖ ከተመረተ 90 ቀን ካለፈው አትስጡ። ድርቆሽ ሁልጊዜ ይኑር። በመጠጥ ውሃ የምትሰጡ ከሆነ በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ አድሮ ይጠፋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* እንስሳው ቢቆስል ራሳችሁ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን አትስጡ። የጊኒ ፒግን የአንጀት ባክቴሪያ አዛብቶ ይገድላል። የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ደረጃ 3። ዕቃዎቹን በአንድ ቦታ ሰብስቡ

ስስ ምላጭ ያለው ቶንዶስ፤ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ መርፌው በጥምዝ የሚቆለፍበት ዓይነት፤ 26 ወይም 27 ጌጅ መርፌ፤ ሁለት ሲሪንጅ የሚያገናኝ ማያያዣ፤ 2 በ4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተቆረጠ ማጣሪያ ወረቀት፤ ውሃ የማያሳልፍ ፕላስተርና ተለጣጭ ፋሻ፤ ለመፈተኛው ቀን ትናንሽ ፓች ወይም ቻምበር፤ ፍሮይንድ ኮምፕሊት አጁቫንት፤ ቫዝሊንና ሶዲየም ላውረል ሰልፌት፤ በማይጠፋ ቀለም የሚጽፍ የቆዳ ምልክት ማድረጊያ፤ የአንድ ግራም ልዩነት የሚያሳይ ሚዛን።

ሲሪንጁ የሚቆለፍ ይሁን የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አጁቫንት ወፍራም ስለሆነ ሲገፋ መርፌው ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ፈሳሹም ዓይን ላይ ይረጫል። በውስጡ የማዕድን ዘይትና የሞቱ ማይኮባክቴሪያዎች አሉበት። በስህተት ጣቱን የተወጋ ሰው ለረጅም ጊዜ የማይድን እብጠትና ቁስል ያገኘዋል። መነጽርና ጓንት ይደረግ፤ መርፌ ተመልሶ አይከደን። የተወጋ ሰው ወዲያው ይታጠብ፣ የአጁቫንቱን ጽሑፍ ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ደረጃ 4። ኮንሰንትሬሽኑን በቅድመ ሙከራ ወስኑ

ከመላው ፈተና ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ይህ ደረጃ ነው። ሦስት የተለያዩ መጠኖች ነው የምትፈልጉት፤ አንዱን ከሌላው አታምታቱ።

- ለመርፌ፦ እንስሳው የሚችለው፣ ቆዳውን ከቀላል እስከ መካከለኛ የሚያስቆጣ ከፍተኛ መጠን።
- ለማነቃቂያ ፓች፦ እንዲሁ ከቀላል እስከ መካከለኛ የሚያስቆጣ ከፍተኛ መጠን።
- ለመፈተኛ ፓች፦ ቆዳን *ጭራሽ የማያስቆጣ* ከፍተኛ መጠን።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ማሟሟያ ምረጡ። ውሃ፣ የጨው ውሃ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ የበቆሎ ዘይት፣ ቫዝሊን ያገለግላሉ። ኬሚካሉ የሚሟሟበት ወይም እኩል የሚሰራጭበት ይሁን። ማሟሟያው ራሱ ቆዳ የሚያስቆጣ ከሆነ ሁሉም ንባብ ይበላሻል።
2. ለመርፌው 0.1፣ 0.5፣ 1 እና 5 በመቶ አዘጋጅታችሁ በአንድ እንስሳ ጎን ላይ በየቦታው 0.1 ሚሊ ሊትር ውጉ። በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት አንብቡ። ሥጋው የሞተበት ወይም እንስሳው የፈዘዘበት መጠን አልፏል ማለት ነው፤ ከእሱ በታች ያለውን ያዙ።
3. ለፓቹ ለምሳሌ 100፣ 50፣ 25 እና 10 በመቶ በሌላ እንስሳ ላይ አየር በማያስገባ ሽፋን ለ24 ሰዓት አድርጉ። ካነሳችሁ በኋላ በ24 እና በ48 ሰዓት አንብቡ።
4. የመፈተኛውን መጠን ቀደም ብለው አጁቫንት በወሰዱ እንስሳት ላይ አረጋግጡ።

አራተኛው ነጥብ ይዘለላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። አጁቫንት የገባበት እንስሳ ቆዳ ከወትሮው በቀላሉ ይቆጣል። በንጹሕ እንስሳ ላይ 25 በመቶ ምንም ሳያደርግ ቀርቶ፣ ያንኑ መጠን አጁቫንት የወሰደው ላይ ብታደርጉት ይቀላል። መፈተኛው ቀን ላይ የማነጻጸሪያ እንስሳት የሚቀሉት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

*ኬሚካሉ ምንም ባያስቆጣስ?* በንጹሑ ወይም ሊሟሟ በቻለው ከፍተኛ መጠን ሥሩ። በደረጃ 7 ላይ ያለው የላውረል ሰልፌት ቅባት የተዘጋጀው ለዚህ ነው።

ደረጃ 5። ድብልቆቹን አዘጋጁ

በመርፌው ቀን ጠዋት የሚዘጋጁት ድብልቆች እነዚህ ናቸው፦

- መርፌ አንድ፦ አጁቫንትና ውሃ ወይም የጨው ውሃ፣ እኩል በእኩል። ለፈተናም ለማነጻጸሪያም አንድ ነው።
- መርፌ ሁለት፦ ለፈተና ቡድን ኬሚካሉ በማሟሟያ፤ ለማነጻጸሪያ ማሟሟያው ብቻ።
- መርፌ ሦስት፦ ለፈተና ቡድን ኬሚካሉ በአጁቫንትና በውሃ ድብልቅ፤ ለማነጻጸሪያ ማሟሟያው 50 በመቶ ሆኖ በዚያው ድብልቅ።

የመርፌ ሦስት መጠን ከመርፌ ሁለት ጋር *እኩል* መሆን አለበት። እዚህ ላይ ስሌት የሚሳሳት ብዙ ነው። የመጨረሻው 1 በመቶ እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ኬሚካል መጀመሪያ በውሃው ክፍል 2 በመቶ ሆኖ ይሟሟ፤ ከእኩል አጁቫንት ጋር ሲዋሐድ 1 በመቶ ይመጣል። በውሃው 1 በመቶ አድርጋችሁ ከጀመራችሁ እንስሳው የሚያገኘው ግማሹን ነው። በውሃ የማይሟሟ ከሆነ በአጁቫንቱ ክፍል 2 በመቶ አድርጋችሁ በትኑት፣ ከዚያ ውሃውን ጨምሩ።

ለ10 የፈተናና ለ5 የማነጻጸሪያ እንስሳት መርፌ አንድ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ነገር ግን ወፍራም ድብልቅ ሲሪንጅ ውስጥ ስለሚቀር 5 አዘጋጁ። ሌሎቹንም በዚሁ ልክ ጨምሩ።

1. የአጁቫንቱን ብልቃጥ በደንብ ነቅንቁ። ማይኮባክቴሪያዎቹ ታች ይዘቅጣሉ፤ ሳይነቀነቅ ከላይ የተቀዳው ዘይት ብቻ ነው።
2. አጁቫንቱን በአንድ ሲሪንጅ፣ ውሃውን በሌላ ያዙ፤ አየሩን አስወጥታችሁ አገናኙ።
3. መጀመሪያ ውሃውን ወደ አጁቫንቱ ግፉ፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ እያደረጋችሁ አዋሕዱ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ለመግፋት የሚከብድ ሲሆን ደርሷል።
4. ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጣሉ። ክብ ሆና ከቆመች ጥሩ ነው። ከተበተነች ገና ነው፤ ማዋሐዱን ቀጥሉ።

*ከተለያየስ?* ሲሪንጆቹን በረዶ ላይ አቀዝቅዛችሁ ድገሙ። ኬሚካሉ ሳሙናነት ካለው ድብልቁን ራሱ ይሰብራል፤ ያኔ የኬሚካሉን መጠን ቀንሱ እንጂ የተለያየ ድብልቅ አትውጉ። በአንዱ እንስሳ ዘይት፣ በሌላው ውሃ ይገባል። የተዘጋጀው ሁሉ በዚያው ቀን ይለቅ፤ ለነገ አይቀመጥ።

ደረጃ 6። ቀን 0፦ መርፌ

ቀን 0ን ማክሰኞ አድርጉት። ቅባቱ ሰኞ፣ ማነቃቂያ ፓቹ ማክሰኞ፣ መነሻው ሐሙስ ይውላል፤ መፈተኛ ፓቹም በቀን 21 ማክሰኞ ተለጥፎ ሁለተኛው ንባብ ዓርብ ያልቃል። ሰኞ የጀመረ ሰው ቅባቱ እሑድ ላይ ይወድቅበታል።

1. እያንዳንዱን መዝኑ፣ መዝግቡ፣ በዕጣ ወደ ቡድኖቹ መድቡ።
2. ከትከሻው በላይ 4 በ6 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ላይ ጸጉሩን ቁረጡ። ምላጩን ቆዳው ላይ አትጫኑት፤ ሲሞቅ አርፉ። የተቧጨረ ቆዳ ላይ አትውጉ።
3. አንድ ሰው እንስሳውን በሁለት እጁ ደግፎ ይያዝ፣ ሌላው ይውጋ። ለብቻ አይሠራም።
4. ከጀርባው መካከለኛ መስመር ግራና ቀኝ፣ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ በእያንዳንዱ ቦታ 0.1 ሚሊ ሊትር ውጉ። አንድና ሁለት ወደ ጭንቅላቱ ተጠጋግተው፣ ሦስት ወደ ኋላ። ስድስቱም ቦታ በ2 በ4 ሴንቲ ሜትሩ ወረቀት ሥር የሚገባ ይሁን፤ ከመውጋታችሁ በፊት ወረቀቱን አስቀምጣችሁ ምልክት አድርጉ።

መርፌው የሚገባው *ቆዳው ውስጥ* ነው፣ ከቆዳው ሥር አይደለም። የመርፌውን የተቆረጠ ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ከቆዳው ጋር ሊተኛ በሚቀርበው አንግል አስገቡ፤ ጫፉ እስኪሸፈን ብቻ ግፉ። በትክክል ከገባ ሲገፋ ይከብዳል፣ ቆዳው ላይ ነጭ ጉብታ ይነሳል። በቀላሉ ከሄደና ጉብታ ካልተነሳ ከቆዳው ሥር ነው፤ ወዲያው አቁሙ፣ አውጡ፣ ትንሽ ራቅ ብላችሁ የቀረውን ስጡ። ሙሉው ከገባ ግን አትድገሙ፣ መዝግቡ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አጁቫንት ያለባቸው አራት ቦታዎች ያብጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ይቆስላሉ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ያማል ግን። የሕመም ማስታገሻን ጉዳይ ከመጀመራችሁ በፊት ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ጨርሱ፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች እብጠትንና የበሽታ መከላከልን ምላሽ ስለሚቀንሱ በዘፈቀደ አይሰጡም። በየቀኑ እዩአቸው። መብላት ያቆመ ጊኒ ፒግ በአንድ ቀን ውስጥ አንጀቱ ሊቆም ይችላልና ለነገ የሚባል አይደለም። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ እንስሳው ከተጎነበሰ፣ ወይም ክብደቱ ኮሚቴው ካስቀመጠው ወሰን በታች ከወረደ ከፈተናው አውጡት። ወጣት እንስሳ በየሳምንቱ መክበድ ስላለበት ክብደቱ ባለበት መቆሙም ምልክት ነው።

ደረጃ 7። ከቀን 6 እስከ 8፦ ማነቃቂያ ፓች

1. ኬሚካሉ ቆዳ የማያስቆጣ ከሆነ ፓቹ ከመለጠፉ 24 ሰዓት ገደማ በፊት ቦታውን ቁረጡና በቫዝሊን የተዘጋጀ 10 በመቶ ሶዲየም ላውረል ሰልፌት 0.5 ሚሊ ሊትር ቀቡ። ለማነጻጸሪያውም ቀቡ። የሚያስቆጣ ኬሚካል ላይ ግን አትጨምሩት።
2. ወረቀቱን በኬሚካሉ ሙሉ በሙሉ አርሱ። የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል። ለማነጻጸሪያው በማሟሟያው ብቻ።
3. መርፌው የነበረበት ቦታ ላይ አስቀምጡ፣ ውሃ በማያሳልፍ ፕላስተር ሸፍኑ፣ በተለጣጭ ፋሻ ጠቅልሉ።
4. ለ48 ሰዓት ይቆይ።

መጠቅለል ከሚመስለው በላይ ሙያ ይጠይቃል። የጊኒ ፒግ ሰውነት በርሜል መሰል ስለሆነ ፋሻው ወደ ኋላ ይሸሻል። ከፊት እግሮቹ ኋላ ጀምራችሁ፣ አንድ ዙር በፊት እግሮቹ መካከል አሳልፋችሁ ያዙት። ሲያልቅ አንድ ጣት በፋሻው ሥር በቀላሉ ይግባ። ወደ ጎጆው መልሳችሁ ሩብ ሰዓት ያህል አተነፋፈሱን ተመልከቱ፤ ጎኑን እያነሳ በጥረት ከተነፈሰ ፍቱና እንደገና አላልታችሁ ጠቅልሉ።

*ፋሻው ቢወልቅ፦* ያገኛችሁበትን ሰዓት ጻፉ፣ በአዲስ ወረቀት መልሱና የጎደለውን ሰዓት ሙሉ። የባልንጀራውን ፋሻ የሚነክስ እንስሳ ካለ ለእነዚያ 48 ሰዓቶች ብቻ ለዩት።

ፓቹ ሲነሳ ቦታውን በሞቀ ውሃ ወይም በማሟሟያው ጥረጉ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ጎናቸውን አትንኩ፤ መፈተኛው የሚሆነው እዚያ ንጹሕ ቆዳ ላይ ነው።

ደረጃ 8። ከቀን 20 እስከ 22፦ መፈተኛ

1. የሁለቱንም ጎን ጸጉር ቁረጡ።
2. በአንዱ ጎን ኬሚካሉ ያለበትን ፓች፣ በሌላው ማሟሟያው ብቻ ያለበትን ለጥፉ። መጠኑ በደረጃ 4 የተወሰነው የማያስቆጣ ከፍተኛ መጠን ነው።
3. የማነጻጸሪያ እንስሳትም *ኬሚካሉን ይቀበላሉ*። እስከ ዛሬ ያላዩት እነሱ ናቸው፤ ዛሬ ሲያዩት ቆዳቸው ካልቀላ የፈተናው ቡድን መቅላት አለርጂ መሆኑ ይታወቃል። እዚህ ማሟሟያ ብቻ የሰጣቸው ሰው የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም።
4. አየር በማያስገባ ሽፋን ለ24 ሰዓት።

*ፓቹ ከ24 ሰዓት በፊት ቢወልቅ፦* እንደ ማነቃቂያው መልሳችሁ አትለጥፉ። የዚያ እንስሳ ንባብ ለብቻ ይመዝገብ፤ በደረጃ 11 በአዲስ ቦታ ይፈተሽ።

ደረጃ 9። ንባብ

ሰዓቱን ፓቹ ከተለጠፈበት ቅጽበት ቁጠሩ።

- በ24 ሰዓት፦ ፓቹን አንሱ፤ ቀሪውን ኬሚካል በቀስታ አጽዱ።
- በ45 ሰዓት ገደማ፦ የበቀለውን ጸጉር ቁረጡ።
- በ48 ሰዓት፦ የመጀመሪያ ንባብ።
- በ72 ሰዓት፦ ሁለተኛ ንባብ።

ጸጉሩ ሦስት ሰዓት ቀድሞ የሚቆረጠው ቶንዶሱ ራሱ ቆዳ ስለሚያቀላ ነው። ቆርጦ ወዲያው ያነበበ ሰው የምላጩን ቅላት ነው ያነበበው።

ነጥብ አሰጣጡ፦ 0 ምንም ለውጥ የለም፤ 1 አልፎ አልፎ የሚታይ ቀላል መቅላት፤ 2 ቦታውን የሸፈነ መካከለኛ መቅላት፤ 3 ኃይለኛ መቅላትና እብጠት።

አንባቢው የትኛው እንስሳ ከየትኛው ቡድን እንደሆነ አይወቅ። ሌላ ሰው በተደባለቀ ተራ እያቀረበለት በቁጥር ብቻ ይመዝግብ። ሁለቱንም ቀን አንድ ሰው፣ በአንድ መብራት ሥር ያንብብ፤ በመስኮት የሚገባ ብርሃን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚለዋወጥ በ0 እና በ1 መካከል ያለውን ድንበር ያሳስታል። በዚህ ድንበር ላይ ዓይን ብቻ አይበቃም፤ በጣት ዳብሱት። ለስላሳ ሆኖ የቀላና ትንሽ ጠንክሮ የቀላ ቆዳ ይለያያሉ።

*ኬሚካሉ ቆዳውን ቀለም ቢነክረው፦* አትፈትጉ። በማሟሟያው በቀስታ ጥረጉ። ካልለቀቀ የቆዳውን እጥፋት ውፍረት ለኩ፣ ወይም ቁራጭ ቆዳ በማይክሮስኮፕ ይታይ።

ደረጃ 10። ውጤቱን ፍረዱ

የማነጻጸሪያ እንስሳት ሁሉ 0 ከሆኑ በፈተናው ቡድን 1 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሁሉ ምላሽ ሰጪ ነው። ከማነጻጸሪያዎቹ አንዱ 1 ካገኘ በፈተናው ቡድን የሚቆጠረው ከ1 በላይ ያገኘው ብቻ ነው። ከፈተናው ቡድን 30 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ ምላሽ ከሰጠ ኬሚካሉ የቆዳ አለርጂ አስነሺ ይባላል፤ ከ10 እንስሳት 3 መሆኑ ነው።

ከ10 አንድ ወይም ሁለት ብቻ ምላሽ ሰጥተው መፍረድ ካቃተ ቁጥሩን አታስተካክሉ፤ እንስሳት ጨምራችሁ በድምሩ 20 ለፈተና፣ 10 ለማነጻጸሪያ አድርሱ።

ጥንካሬውን ለመመደብ የመርፌው መጠን ወሳኝ ነው። መርፌው 0.1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ 30 በመቶው ከቀላ፣ ወይም ከ0.1 በላይ እስከ 1 በመቶ ሆኖ 60 በመቶው ከቀላ ኃይለኛው ምድብ፣ 1ኤ፣ ነው። ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ሆኖ ከ30 እስከ 60 ባለው ውስጥ ከወደቀ፣ ወይም ከ1 በመቶ በላይ ሆኖ 30 በመቶው ከቀላ ዝቅ ያለው ምድብ፣ 1ቢ፣ ነው። ሪፖርቱ ላይ የመርፌውን መጠን ያልጻፈ ሰው ምድቡን ሊያስረዳ አይችልም።

ደረጃ 11። ውጤቱ ሲያጠራጥር

የማነጻጸሪያዎቹም የፈተናዎቹም ቆዳ ቀልቶ ከተገኘ መጠኑ አስቆጥቷል ማለት ነው። ሁለቱን ንባቦች አስተያዩ፦ ማስቆጣት ብዙውን ጊዜ በ72 ሰዓት ይደበዝዛል፣ አለርጂ ግን ይጸናል ወይም ይጨምራል። ይህ ፍንጭ ነው፣ ፍርድ አይደለም።

ፍርድ የሚገኘው በድጋሚ መፈተሽ ነው። ከመጀመሪያው መፈተኛ አንድ ሳምንት ገደማ በኋላ፣ እነዚያኑ እንስሳት በዝቅተኛ መጠን፣ ባልተነካ የጎን ቦታ ላይ ፈትሹ። የቀድሞዎቹ ማነጻጸሪያዎች ኬሚካሉን አይተውታልና አዲስ የማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈልጋል። አጁቫንቱን ዳግም አትስጡ።

አጁቫንት የሌለበት አማራጭ፦ የቢውለር ፈተና

ኬሚካሉ በመርፌ ሊሰጥ የማይችል ሲሆን ወይም የአጁቫንቱን ቁስል ለማስቀረት ቢውለር ይመረጣል። ለእንስሳቱ በእጅጉ የቀለለ ነው፤ ደካማ አስነሺዎችን የማሳለፍ ዕድሉ ግን ይበልጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ 20 ለፈተናና 10 ለማነጻጸሪያ ይጠይቃል። በቀን 0፣ ከ6 እስከ 8 ባለው አንድ ቀን፣ ከ13 እስከ 15 ባለው አንድ ቀን በአንድ ጎን ላይ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ፓች ለ6 ሰዓት ይደረጋል። ከቀን 27 እስከ 29 መፈተኛው በሌላው ጎን፣ እንዲሁ ለ6 ሰዓት ነው። ንባቡ ከተለጠፈ በኋላ በ30 እና በ54 ሰዓት። ወሰኑ 15 በመቶ ነው። እዚህ ውድቀቱ ሁሉ ከፓቹ ይመጣል፤ 6 ሰዓት አጭር ስለሆነ ዳሩ የተነሳ ፓች ምንም እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ላቦራቶሪያችሁን በየ6 ወሩ ፈትሹ

አሉታዊ ውጤት ዋጋ የሚኖረው እጃችሁ አለርጂን ማየት እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው። በየ6 ወሩ ከቀላል እስከ መካከለኛ ጥንካሬ ባለው የታወቀ አስነሺ ሥሩ፦ ሄክሲል ሲናሚክ አልዲሃይድ፣ መርካፕቶቤንዞታያዞል ወይም ቤንዞኬይን። በአጁቫንት ፈተና ቢያንስ 30 በመቶ፣ ያለ አጁቫንት ቢያንስ 15 በመቶ ምላሽ መታየት አለበት። እንደ ዲኒትሮክሎሮቤንዚን ባለ ኃይለኛ አስነሺ መፈተሽ አያስተማምንም፤ በደካማ አሠራርም ይወጣል።

ምላሹ ከወሰኑ በታች ከሆነ ምክንያቱ እስኪገኝ ሌላ ኬሚካል አትጀምሩ። በዚህ ተራ ፈልጉ፦ የአጁቫንቱ ማብቂያ ቀንና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጡ፤ የድብልቁ የጠብታ ሙከራ፤ የመርፌው ጉብታ፤ የመርፌ ሦስት ስሌት፤ የፋሻዎቹ መዝገብ፤ የመኖው ቀን። በመጨረሻ ሁለት አንባቢዎች አንዱ የሌላውን ሳያይ እነዚያኑ እንስሳት ያንብቡ፤ ነጥባቸው ካልተገናኘ ጉድለቱ ንባቡ ላይ ነው፣ እንስሳቱም መድገም አያስፈልጋቸውም።